የኦፍሮድ ክለብ አባል ምን ይጠየቅ? የችሎታና የተሳትፎ መመዘኛ አማራጮች ሲነጻጸሩ

የኦፍሮድ ክለብ፣ ማለትም ከአስፋልት ውጭ በጭቃ፣ በአሸዋና በድንጋይ ላይ የሚነዱ ሰዎች ክለብ፣ ሲጀመር መመዘኛው ቀላል ነው። ፎር ባይ ፎር ያለው ይመጣል፣ ሁሉም ይተዋወቃል፣ ማን ምን እንደሚችል ማንም ይነግርሃል። ክለቡ ሲያድግ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንድ አዲስ ሹፌር ዳገት መሀል ሞተር ይጠፋበትና መኪናውን ወደ ጎን ለማዞር ይሞክራል። ሌላው የመጎተቻ ገመድ የማይሆን ቦታ ላይ ያስራል። ማንም ሳይጎዳ ቢያልፍም ኮሚቴው በዚያው ሳምንት ተሰብስቦ «መመዘኛ ያስፈልገናል» ይላል።

በድንጋጤ የወጣ መመዘኛ አብዛኛውን ጊዜ ለመቁጠር የቀለለውን ነገር ይቆጥራል። «በዓመት ይህን ያህል ጉዞ ያልወጣ ከባድ መንገድ አይሄድም» ይባላል። ሲነበብ ጥሩ ይመስላል። ግን እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ተቀላቅለዋል። አንደኛው «ይህ ሰው ይህን መንገድ ይችለዋል ወይ?» ነው። ሁለተኛው «ይህ ሰው ከእኛ ጋር ነው ወይ?» ነው። የመጀመሪያው ችሎታ፣ ሁለተኛው ተሳትፎ ነው። እኔ ሁለቱ ለየብቻ ይመዘኑ ባይ ነኝ። የአባልነት በር ሰፊ ይሁን፣ የከባዱ መንገድ መግቢያ ደግሞ ጠበብ ይበል። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የማወዳድረው በዚህ ዓይን ነው።

ችሎታን በምን እንለካ?

የመጀመሪያው አማራጭ ምንም ሳይጽፉ ለጉዞ መሪው መተው ነው። መሪው ሰዎቹን ያውቃል፣ መንገዱንም ያውቃል፤ «አንተ ና፣ አንተ ለዛሬ ቅር» ይላል። ሁሉም እርስ በርሱ በሚተዋወቅበት ትንሽ ክለብ ይህ በደንብ ይሠራል። ወረቀት የለም፣ ስብሰባ የለም። ድክመቱ የሚታየው መሪው ሲቀየር ወይም የቀረው ሰው «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። መልሱ «አይመስለኝም» ብቻ ከሆነ ሰውየው ምን ተምሮ መመለስ እንዳለበት አያውቅም። ቅሬታው እየተብላላ ይቆያል። ጓደኛ ለጓደኛ ማድላትም የሚገባው በዚሁ ክፍተት ነው።

ሁለተኛው አማራጭ የጉዞ ብዛት መቁጠር ነው። አዲስ ሰው የተወሰነ ቀላል ጉዞ ይወጣል፣ ከዚያ ሙሉ አባል ይሆናል። ብዙ ክለቦች የሚመርጡት ይህን ነው። ምክንያቱም ቁጥር አያከራክርም፤ ወጥቷል ወይም አልወጣም።

ግን ኮንቮይ (ተከታትለው የሚሄዱ መኪኖች ሰልፍ) ውስጥ መሀል ላይ የሚሄደውን ሰው እዩት። ከፊቱ ያለው መኪና መንገዱን ፈትሾለታል። የትኛውን ድንጋይ በየት በኩል እንደሚያልፍ የጎማው ዱካ ይነግረዋል። ቢያዝ አምስት ሰው ሮጦ ይመጣል፣ ገመዱንም ሌላ ሰው ያስርለታል። እንዲህ እየሆነ ዓመት ሙሉ ጉዞ ወጥቶ አንድም ጊዜ ራሱ መስመር ሳይመርጥ፣ አንድም ጊዜ ገመድ በእጁ ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። ጉዞዎቹ ሁሉ በደረቅ ኮረት ላይ ከነበሩ ደግሞ ስለ ጭቃም ሆነ ስለ አሸዋ የሚሉት ነገር የለም።

ታዲያ ቁጥሩ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በደንብ የሚያሳየው ነገር ጠባይ ነው። ርቀቱን ይጠብቃል? መታጠፊያ ላይ ደርሶ ከኋላው ያለው መኪና እስኪታየው ይቆማል? ሬዲዮ ላይ ሲነገረው ይሰማል? ቆሻሻውን ይዞ ይመለሳል? ኮንቮይ የሚጠፋፋው እያንዳንዱ ሹፌር ከኋላው ላለው ሰው ኃላፊነት መውሰዱን ሲረሳ ነው። ይህንን በአንድ ቀን ፈተና ማየት አይቻልም፤ ደጋግሞ አብሮ መውጣት ይፈልጋል። ስለዚህ የጉዞ ቁጥርን ለሙከራ ጊዜ ተጠቀሙበት። ለችሎታ ማረጋገጫ ግን አይበቃም።

በተግባር መፈተን

ሦስተኛው አማራጭ ሜዳ ላይ አውጥቶ ማየት ነው። ግማሽ ቀን ይበቃል። ዝርዝሩ ረጅም መሆን የለበትም፤ ሲሳሳቱት ሰው የሚጎዳባቸው ጥቂት ነገሮች ከተፈተሹ ብዙ ነገር ይታያል። ሁለቱን ቀረብ ብለን እንያቸው።

አንደኛው ዳገት ላይ የጠፋ ሞተር ነው። ደህና መውረጃ ያለው ቀጥ ያለ ዳገት ምረጡ። ሹፌሩ ግማሽ ድረስ ይውጣ፣ ይቁም፣ ሞተሩን ያጥፋ። ከዚህ በኋላ ፈታኙ ዝም ብሎ ያያል። የሚያውቅ ሹፌር መጀመሪያ የእግር ፍሬኑን አጥብቆ ይይዛል፣ የእጅ ፍሬኑን ይስባል። ማንዋል ከሆነ ፍሬኑ እንደተያዘ በሎው (በፎር ባይ ፎሩ ዝግተኛ የጉልበት ማርሽ) ላይ የኋላ ማርሽ ያስገባና ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ ይለቃል። የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ማለታቸውን ያረጋግጣል፣ ስፖኪዮውን ያያል። ቀስ ብሎ ፍሬኖቹን ሲለቅ መኪናውን ማርሹ ይይዘዋል። ከዚያ ያስነሳል፤ መኪናው በሞተሩ ተይዞ በዝግታ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አውቶማቲክ ከሆነ ፍሬን እንደያዘ ያስነሳል፣ የኋላ ማርሹን ያስገባል፣ ፍሬኑን እያላላ ይወርዳል። አንዳንድ ማንዋል መኪኖች ፍሪሲዮን ካልተረገጠ አይነሱም፤ ስለዚህ ፈታኙ የመኪናውን ዓይነት ቀድሞ ይጠይቅ።

የማያውቀው ሰውም ወዲያው ይለያል። ወይ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ወይም ማርሹን ዜሮ አድርጎ ወደ ኋላ ይንከባለላል፤ ያኔ የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነው። ጎማዎቹ ከቆለፉ መሪው አይታዘዝም። ወይም ፈርቶ መሪውን ይጠመዝዛል፣ መኪናው ለዳገቱ ጎኑን ይሰጣል። መገልበጥ የሚመጣው ከዚህ ነው። ይህን ፈተና የወደቀ ሰው ገደላማ መንገድ ላይ መሄድ የለበትም፤ ስንት ዓመት ቢነዳም፣ ስንት ጉዞ ቢወጣም።

ሁለተኛው ገመድ ነው። የመጎተቻ ገመድና ማያያዣ ብረቶቹን ስጡትና «ይህን መኪና ለመጎተት አዘጋጅ» በሉት። እጁ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ተጎታች የሚታሰርበት ኳስ ላይ ካደረገው ፈተናው እዚያው ያበቃል። ያ ኳስ የተሠራው ተጎታችን በዝግታ ለመሳብ ነው። ድንገተኛ ጉተታ ሲመጣበት ሊሰበርና ከገመዱ ጋር ሊወነጨፍ ይችላል። በዚህ ምክንያት ሰው ሞቷል። ትክክለኛው ቦታ ከሻንሲው ጋር የተያዘና ለጉተታ ተብሎ የተሠራ መንጠቆ ወይም ቀለበት ነው።

ቀጥሎ የገመዱን ዓይነት ጠይቁት። የሚለጠጥ የናይለን ገመድ ሲጎተት እንደ ዓይነቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይረዝማል። ጉልበት የሚያጠራቅመው በዚህ ነው፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። የማይለጠጥ ገመድ ላይ ግን ጎታቹ መኪና በሩጫ ቢጎትትበት መኪናም ይሰብራል፣ ሰውም ይጎዳል። ሁለት ገመድ በብረት ማያያዣ ቀጥሎ ከሆነ ደግሞ አስቁሙት፤ አንዱ ቢበጠስ ብረቱ እንደ ጥይት ይሄዳል። በመጨረሻ የቆሙትን ሰዎች ያርቃል? ቢያንስ የገመዱን አንድ ተኩል እጥፍ ርቀት መራቅ አለባቸው። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው፤ ትኩረቱ ሁሉ መኪናው ላይ ስለሆነ።

ከእነዚህ ሌላ የጎማ አየር መቀነስና መመለስ፣ ከመኪናው ውጭ ቆሞ መስመር የሚያሳይን ሰው የእጅ ምልክት መከተል፣ በሎው ቁልቁል መውረድ ይፈተሻሉ። አየሩ ላይ ቁጥሩን ብቻ አትጠይቁ። አሸዋ ላይ ከ35 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ወደ 18 አካባቢ ለምን እንደሚያወርድ ይንገራችሁ። መልሱ ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ በርዝመት ይጨምራል የሚል ነው። አስፋልት ላይ ከመውጣቱ በፊት ለምን መልሶ እንደሚነፋም ይናገር። የሰነፈ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይሞቃል፣ ይፈነዳል።

የተግባር ፈተና ዋጋው ጊዜ ነው። ቦታ ይፈልጋል፣ ሁለት ሦስት የሚያውቁ ሰዎች ቅዳሜያቸውን መስጠት አለባቸው። ፈታኞቹ ወጥ ካልሆኑም አንዱ ሲያሳልፍ አንዱ ይጥላል። እንደዚያም ሆኖ ከአማራጮቹ ሁሉ ጥያቄውን በቀጥታ የሚመልሰው እሱ ነው። ለአንድ ነገር ብቻ ጉልበት ካላችሁ እዚህ ላይ አውሉት።

የውጭ ሥልጠና ወረቀት

አራተኛው አማራጭ ከታወቀ አሠልጣኝ ሰርተፊኬት ያመጣ ይለፍ ማለት ነው። በአንዳንድ አገሮች ይህ የተደራጀ ነው። አሰልጣኞችን ራሳቸውን የሚመዝን ዓለም አቀፍ የፎር ዊል አሠልጣኞች ማኅበር አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ብዙ ክለቦች አዲስ አባል ከባድ ጉዞ ከመውጣቱ በፊት የክለቡን ወይም የማኅበሩን የሹፌር ኮርስ እንዲወስድ ይጠይቃሉ። ጥሩ ጎኑ ሚዛኑ ገለልተኛ መሆኑ ነው፤ ከሊቀመንበሩ ጋር ተጣላህ ተስማማህ አይጠይቅም።

ድክመቱ ሦስት ነው። ይከፈልበታል፤ ገንዘብ የሌለው ጎበዝ ሹፌር ውጪ ይቀራል። አንድ ዓይነት መሬት ላይ የተሰጠ ነው። ወረቀቱም ያረጃል፤ ከዓመታት በፊት የተማረ ሰው ከዚያ ወዲህ ዊንች (መኪና ላይ የሚገጠም መጎተቻ ማሽን) ነክቶ ላይሆን ይችላል። እኔ ብሆን ሁሉንም አባል ከማስገደድ ይልቅ የክለቡን ገንዘብ ፈታኝና የጉዞ መሪ የሚሆኑትን ለማሠልጠን አወጣለሁ። እነሱ የተማሩትን ለሌላው ያካፍላሉ።

በደረጃ መከፋፈል

አምስተኛው አማራጭ እንደ ሌሎቹ የመለኪያ ዘዴ አይደለም፤ የተለካውን ወደ ሥራ የማስገቢያ መንገድ ነው። አባላት በደረጃ ይከፈላሉ፣ መንገዶችም በደረጃ ይከፈላሉ፣ ሁለቱ ይገናኛሉ። በአሜሪካ መንገዶችን ከ1 እስከ 10 መመደብ የተለመደ ነው። በአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድና በጣም ከባድ የሚሉ አራት ደረጃዎች አሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የአሸዋ ክለቦች ውስጥም ጀማሪው ከጀማሪዎች ጋር እየወጣ፣ መሪዎቹ እያዩት ወደ ላይ ያድጋል።

የደረጃ ጥቅሙ ማንንም ከክለቡ አለማስወጣቱ ነው። አዲሱ ሰው ሙሉ አባል ነው፣ ድምፅ ይሰጣል፣ ይጋበዛል፤ ግን ዛሬ ከባድ መንገድ ላይ በሹፌርነት አይሄድም። በረዳትነት ሌላ መኪና ውስጥ ይሂድና ይማር። «አትችልም» ከሚለው «ለዚህ መንገድ ገና ነህ» የሚለው ይሻላል፤ ምን እንደጎደለውም ወረቀቱ ይነግረዋል።

መጠንቀቅ ያለባችሁ ሁለት ነገር ላይ ነው። የደረጃ ብዛት አታብዙ። ሦስት ይበቃል። ስድስት ሰባት ሲሆን ሰዉ መንገዱን ትቶ ማዕረጉን ማሳደድ ይጀምራል። ሌላው፣ መንገድ ደረጃውን እንደያዘ አይቆይም። በደረቅ ቀን ቀላል የነበረ መንገድ አንድ ሌሊት ከዘነበበት በኋላ ሌላ መንገድ ነው። ስለዚህ ደንቡ ውስጥ «የዕለቱን ደረጃ የሚወስነው መሪው ነው» የሚል መስመር ይግባ።

ተሳትፎስ?

«አባል በዓመት ይህን ያህል ጊዜ ይገኝ» ከማለታችሁ በፊት ለምን እንደምትፈልጉት ተነጋገሩ። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ እንደ ምክንያቱ መለኪያውም ይለያያል።

ምክንያታችሁ ችሎታ እንዳይዝግ ከሆነ የሚቆጠረው በቅርብ ጊዜ መንዳቱ ነው። አቪዬሽን ይህን ቀድሞ አስቦበታል። በአሜሪካ ሕግ አንድ አብራሪ መንገደኛ ለመጫን ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ቢያንስ 3 ጊዜ ተነስቶ ማረፍ አለበት። ያላደረገ ሰው ፈቃዱን አይነጠቅም፤ መንገደኛ ከመጫኑ በፊት ብቻውን ወጥቶ ይሟሽ ነው የሚባለው። ለክለብም ይህ አስተሳሰብ በጣም ይስማማል። ረጅም ጊዜ ያልወጣ ሰው ከአባልነት አይሰረዝ፤ ደረጃውም አይውረድበት። ከባድ መንገድ ከመሄዱ በፊት አንድ ቀላል ጉዞ ይውጣ ወይም አጭር ፍተሻ ይደረግለት፣ ይበቃል።

ምክንያታችሁ ሥራ መካፈል ከሆነ ግን ጉዞ መቁጠር ፍትሐዊ አይሆንም። ሁልጊዜ የሚዝናና ሰው ነጥብ ይሰበስባል፤ ዕቃ የሚያዘጋጅ፣ መንገድ ቀድሞ የሚያጠና፣ ሒሳብ የሚይዝ ሰው ምንም አያገኝም። እዚህ ላይ የነጥብ ሥርዓት ከጉዞ ቁጥር ይሻላል። መንገድ ማጽዳትና መጠገን፣ አዲስ ሰው ማሠልጠን፣ ጭራ ሆኖ ኮንቮዩን መዝጋት ሁሉ ይቆጠሩ። በተለይ የመንገድ ጥገናውን አትናቁት። ኦፍሮድ መንገዶች የሚዘጉት አብዛኛውን ጊዜ መሬቱ ተጎድቶ ወይም ጎረቤት ተማርሮ ነው። በአሜሪካ ትሬድ ላይትሊ የተባለው ንቅናቄ በ1985 በአገሪቱ የደን አገልግሎት ውስጥ የተጀመረው፣ በ1990ም ራሱን የቻለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት የሆነው፣ ተሽከርካሪ ይዞ የሚወጣ ሰው ለሚረግጠው መሬት እንዲጠነቀቅ ለማስተማር ነው። አንድ የጥገና ቀን ከሁለት የሽርሽር ቀን በላይ ነጥብ ቢያገኝ አግባብ ነው እላለሁ።

ምክንያታችሁ ስብሰባ ላይ ምልዓተ ጉባኤ ማግኘት ብቻ ከሆነ ደግሞ ጉዞን አትንኩት። የማይመጣ ሰው «ተባባሪ አባል» ይባል፤ መዋጮውን ይክፈል፣ ድምፅ አይስጥ።

ግዴታው ሲጠብቅ የሚወጣው ማን እንደሆነም አስቡ። አብዛኛውን ጊዜ ሰነፉ አይደለም። በፈረቃ የሚሠራ ሰው ነው፣ ትንሽ ልጅ ያላት እናት ናት፣ መኪናው ጋራዥ የገባበት ሰው ነው። እነዚህ ሰዎች በሌላ ሰው መኪና በረዳትነት ሲወጡ ይቆጠርላቸው። መስመር ማሳየትና ገመድ ማሰር መኪና ሳይነዱ የሚሠራ ሥራ ነው። ባልና ሚስት ወይም ሁለት ጓደኛሞች በአንድ መኪና የሚመጡ ከሆነ ግን ፈተናው ለየብቻ ይሁን። ደረጃ የሚሰጠው ለሰው ነው እንጂ ለመኪና አይደለም።

የትኛው ለማን?

አሥር አሥራ አምስት ሰው ሆናችሁ ሁላችሁም የምትተዋወቁ ከሆነ የመሪው ዓይን ይበቃችኋል፤ የገመድና የዳገት ፍተሻውን ብቻ ጨምሩበት። ተሳትፎ ላይ ምንም ደንብ አታውጡ። በዚያ ቁጥር የማይመጣ ሰው ስልክ ይደወልለታል።

ከዚያ በላይ ሆናችሁ አዲስ ሰው በየጊዜው የሚመጣ ከሆነ የምመክረው ቅልቅል ነው። አጭር የሙከራ ጊዜ በቀላል ጉዞ ለጠባይ፣ የተግባር ፈተና ለችሎታ፣ ሦስት ደረጃ ለመንገድ ምደባ። ረጅም ጊዜ ለጠፋ ሰው ደግሞ የማሟሻ ጉዞ።

በጣም ትልቅ ክለብ ከሆናችሁ፣ ወይም የመሬቱ ባለቤት ወይም ኢንሹራንሱ ማስረጃ የሚጠይቃችሁ ከሆነ፣ የውጭ ሥልጠና ለመሪዎች ግድ ይሆናል። የሁሉንም ሰው ፈተና በጽሑፍ ማስቀመጥም እንዲሁ። አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ ሰው ለዚህ መንገድ ብቁ ነው ያለው ማነው? በምን አይቶ?» የሚል ነው።

የምትሄዱበት መሬትም ይወስናል። ሁሌ አሸዋ ላይ ከሆናችሁ የጎማ አየርና ሞመንተም (የመኪናውን ግስጋሴ ሳያቋርጡ መንዳት) ፈተናው ላይ ይቅደሙ፤ ገደላማ ድንጋይ ላይ ከሆናችሁ ዳገቱና የእጅ ምልክቱ። ከሌላ ክለብ የተቀዳ ዝርዝር ያለ ማስተካከያ አትውሰዱ።

ሲጻፍ

ፈታኝ ሁልጊዜ ሁለት ይሁን፤ ቢያንስ አንዱ የተፈታኙ የቅርብ ጓደኛ አይሁን። የሚጥሉ ስህተቶች ጥቂት ይሁኑና ቀድመው ይነገሩ፦ ዳገት ላይ መሪ ማዞር፣ ኳስ ላይ ማሰር፣ ሰው ገመዱ አጠገብ ቆሞ መጎተት። ሌላው ሁሉ «ተለማመድና ተመለስ» ይባላል። መልሶ የመፈተን ዕድል በሳምንታት ውስጥ ይኑር፤ ዓመት የሚያስጠብቅ ከሆነ ሰው ይቀራል።

የመኪና መመዘኛ ለብቻው ወረቀት ላይ ይሁን። ከፊትና ከኋላ የመጎተቻ ነጥብ፣ ጥሩ ጎማና ስኮርታ፣ ሬዲዮ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕቃ። ይህን ከሹፌሩ ደረጃ ጋር ካቀላቀላችሁት ውድ መኪና ያለው ሰው ችሎታ ያለው መምሰል ይጀምራል። ምንም ያልተጨመረበት መኪና ይዞ በመስመር ምርጫ ብቻ የሚያልፍ ሹፌር አለ፤ በሁለት ዲፈረንሻል ሎክ (የግራና የቀኝ ጎማ እኩል እንዲዞር የሚቆልፍ መሣሪያ) የሚያዝም አለ።

ደንቡን ስታስጀምሩ ነባሮቹ ቀድመው ይፈተኑ፤ ሊቀመንበሩም፣ መሥራቾቹም። «ነባር አባል ያልፋል» የሚል አንቀጽ ካስገባችሁ አዲሶቹ ወዲያው ያዩታል። ደግሞም ለዓመታት ሌላ ሰው ገመድ ሲያስርለት የኖረ ሰው የሚገኘው ከነባሮቹ መሀል ነው። በመጀመሪያው ወር የወደቀ ነባር ከተገኘ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአዲሶቹ ጋር አብሮ ይለማመድ።